ስለላክኸው ቱርቦ

ለውድ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? የሥራ ቦታው አቧራ ደረትህን እንዴት አድርጎታል? ሳልህስ ለቀቀህ? እዚህ ቤቱም ሰውም በቦታው አለ፤ ተመስገን ነው። እናትህ ጉልበታቸውን ከማመሙ በቀር ደህና ናቸው፤ አንደበታቸውማ ከእኔም ከአንተም ይበረታል። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። የእኔን ጤና አልጠየቅህምና ይቆይህ።

ስልክ ከማይይዝበት ካምፓችሁ የዕቃ መኪናው ሹፌር ደብዳቤህንና ሳጥኑን ካደረሰልኝ ሦስት ወር ሆነ፤ መልሴን የሚወስድልኝም እሱ ነው፣ የተመለሰው ገና አሁን ነው። ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አራት ገጽ ጽፈህልኝ አታውቅማ! ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩና አነበብኩት። ሦስት ገጽ ተኩሉ ስለ ቱርቦ ነው። የቀረችው ግማሽ ገጽ የስፌት ማሽኖቼን ስለመሸጥ ነው። ወረቀቱ ሲያልቅብህ ደግሞ በጠርዙ ላይ ወደ ጎን «ሁላችሁም ሰላም ናችሁ አይደል?» ብለህ ጣል አድርገሃል። አዎ፣ ሰላም ነን። በል አሁን ወደ ቁም ነገርህ እንግባ።

ሹፌሩ ሳጥኑን ከትከሻው ሲያወርደው ወለሉ ጓ አለ። እኔ ከባድ ነገር እንዳላነሣ ስለተከለከልኩ እሱው ጎትቶ ሳሎን አስገባልኝ። እናትህ ልጄ ምን ላከልኝ እያሉ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ፎጣውን ስፈታው (ፎጣው የእኔ ነው፤ ያን ሰሞን ጠፋ ብዬ ቤቱን ሳምስ ዝም ብለህ ያየኸኝ) ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ዘይት የጠገበ ብረት ወጣ። እናትህ መነጽራቸውን አድርገው ዞር ዞር ብለው አዩትና ሥጋ መፍጫ ነው፣ እጀታውን ግን ረስቶታል ብለው ፈረዱ። ኧረ ቱርቦ የሚባል ነገር ነው፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመውን መኪናውን ያስሮጠዋል ብዬ ባስረዳቸው፣ የት ለመድረስ ብለው ጠየቁኝ። አንተ ታውቀው እንደሆነ ጻፍላቸው።

«ብሎን ማሰር ብቻ ነው» ብለሃል። በሁለት ቀን ያልቃል ብለሃል። የአራት ወር ደሞዝ አጠራቅሜአለሁ፣ ካልበቃ ሁለቱን ማሽኖች ሽጪና ሙዪበት፣ ስመጣ የተሻለ እገዛልሻለሁ ብለሃል። የፎርማኑ መኪና ሲያልፍ ያፏጫል፣ የእኔም እንዲያፏጭ እፈልጋለሁ ብለሃል። አየህ፣ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። በከማን አንሼ ስንቱ ቤት እንደፈረሰ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ በፉጨት የፈረሰ ግን ሰምቼ አላውቅም። ፉጨት ከሆነ የናፈቀህ ልጅህ አለችልህ፤ በነጻ ነው፣ ቤንዚንም አትጠጣም።

ለመሆኑ እነዚያ ማሽኖች ምን እንደሆኑ ዘነጋኸው እንዴ? በአንደኛው እሰፋለሁ፣ በኦቨርሎኩ ጠርዝ እዘጋለሁ። አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሥራ የለም። አሁን ይህን ስጽፍልህ ከጎኔ የሁለት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተከምሯል፤ መቶ ሰማንያ ቀሚስና መቶ አርባ ሱሪ። ያንተ ደሞዝ ሁለት ወር ዘግይቶ ሲመጣ የእናትህን መድኃኒት፣ የልጅህን ትምህርት ቤት፣ የቤቱን ኪራይ የሚችሉት እነሱ ናቸው። እነሱን ሸጬ የፎርማኑን ፉጨት ልግዛልህ? ወይ ጉድ! ምን ቢያበሉህ ነው?

ያም ሆኖ ጠየቅሁልህ። ሴት ምን ታውቃለች ብለህ እንዳትንቀኝ፣ ብረቱን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት አንተ ወደምትመካባቸው፣ ሙዚቃቸው ከሞተራቸው ወደሚበልጠው ወጣቶች ጋራዥ ነው። አለቃቸው ማስቲካውን እያኘከ ብረቱን አገላበጠና፣ ቀላል ነው እታለም፣ ቅዳሜ አምጪው፣ ሰኞ እንደ ጥይት ይዘሽው ትወጫለሽ አለኝ። የጠራው ዋጋም ትንሽ ነበር፤ ልዋሽህ አልችልም፣ ለአፍታ ልቤ ከጅሏል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢሰበርስ ማነው የሚጠየቀው ብዬ ጠየቅሁት። በራስ ኃላፊነት ነው አለኝ። እስካሁን ስንት መኪና ገጥማችኋል ስለው ሦስት አለ። የት አሉ ስለው ሁለቱን አላስታወሰም። ሦስተኛው እዚያው ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ጎማ የለውም፣ ኮፈኑ ሥር ድመት ወልዳበታለች። ለድመቷስ ጥሩ ቤት ሆኗታል።

ቀጥዬ ጋሽ ጨርቁ ዘንድ ሄድኩ። ታውቃቸዋለህ፤ ከእንጨት መሸጫው ጀርባ ያሉት፣ ጨርቅ ከትከሻቸው የማይለይ ሽማግሌ መካኒክ። አንተ እሳቸውን «ጊዜ ያለፈባቸው» ትላቸው ነበር። እሳቸው ብረቱን ዞር ብለውም አላዩት። መኪናውን ሳላይ አፌን አልከፍትም አሉና ቤት ድረስ መጡ። ሸራውን ገልጠው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዘው በጨርቃቸው ጠረጉና ጨርቁን አሸተቱት። ይህ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ማነው የሚነዳው ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኩ። ጽፈህ ግድግዳው ላይ የለጠፍክልኝን ወረቀት አሳየኋቸው፤ «በየቅዳሜው ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይነሣ። ከቦታው አይንቀሳቀስ። ማንም አይንዳው» የሚለውን። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የነገሩኝን ስማ። ዐሥር ደቂቃ ብቻ ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር በደንብ ሳይግል ይጠፋል፤ ያላበው ውሃና ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ብረቱን ይበላዋል። መንገድ ካስረጀው ይልቅ ይህ ወረቀት አስረጅቶታል አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አንተ ጻፍክ፣ እኔም ሞኟ በየቅዳሜው ሸራ እየገለጥኩ ታዘዝኩ። ለዚያ መኪና ያልከፈትኩለት ቅዳሜ የለም። ለእኔ ግን አንድ ቅዳሜ «ውጪ፣ ተናፈሺ» የሚል ወረቀት ጽፈህልኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ብረቱን ያዩት። ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ በጨርቃቸው ጠርገው አነበቡና ሳቁ። ጋሽ ጨርቁ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ። ባልሽ ምን ላይ ነው የሚሠራው ብለው ጠየቁኝ። ሎደር ነው የሚነዳው፣ አፈር ይዝቃል አልኩ። በይ እንግዲያው ይህም የሎደር ነው፣ የናፍታ ሞተር ቱርቦ ነው አሉኝ። የእናንተ ሞተር የሎደሩን ሲሶ አያህልም፤ እንዲህ ያለውን በዚያ ላይ መግጠም ማለት ለልጅሽ የአባቷን ቦቲ አጥልቀሽ ሩጪ እንደማለት ነው፣ ትንሹ ሞተር ይህን ለማዞር ሲጮህ ሲጮህ ቱርቦው ገና ሳይነቃ እሱ ይሞታል አሉ። ውስጡ የሚሽከረከረውን መዘውር በጣታቸው ይዘው ሲያወዛውዙትም ይንገጫገጫል፤ ለሎደርም የማይሆን የተጣለ ዕቃ ነው። ገልብጠው ደግሞ ሆዱ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አሳዩኝ። የመጋዘናችሁ ቁጥር ነው።

እኔ ምን ልበልህ? ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከላዩ ተቀምጠህ የምትውልበትን ዕቃ በገዛ ሚስትህ ፎጣ ጠቅልለው ሸጡልህ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ያንተ ግን መመንጠር አይደለም፤ ምንጣሮውን ራስህ ከፍለህ አስመነጠርክ። የሸጠልህ ሰው ዛሬም ምሳ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል? ጨው አቀብለኝ ይልሃል? አቀብለው፣ ምን ታደርጋለህ። ሎደር ነጂ ሆኖ የሎደር ቱርቦ የማያውቅ ሰው በዚህ ዓለም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኔ ደረሰኝ።

አሁን ደግሞ «እሺ፣ ትክክለኛውን እንግዛ» እንደምትል አውቃለሁ። አውቅሃለሁ። ስለዚህ ጋሽ ጨርቁን አስቀምጬ ስለ ትክክለኛውም ጠየቅኋቸው። የተናገሩትን ሁሉ በልብስ መቅደጃዬ ጠመኔ ካርቶን ላይ ጻፍኩት፤ ዋጋውንም ባንተ ደሞዝ ቀየርኩት፣ በሌላ ሒሳብ አይገባህምና። ለሞተሩ የሚመጥን ደህና ቱርቦ የሁለት ወር ደሞዝህ ነው። እሱን የሚሸከመው የጭስ ማውጫ በልክ ተበይዶ ይሠራል። ቱርቦው የሚያስገባው አየር ስለሚግል ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ማቀዝቀዣ ይቆማል፣ ቱቦው ከነክላምፑ። ዘይት የሚያደርስለትና የሚመልስለት መስመርም ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሞተሩ ሥር ተፈትቶ ይበሳል። ቤንዚን የሚረጩት አፎችና ፓምፑ በትልቅ ይቀየራሉ። ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይማራል፤ አስተማሪው ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው፣ መኪናው ሳይማር መነዳት ስለማይችል በሌላ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። የስፖርት መኪና በጭነት መኪና ላይ! እስቲ ፎርማኑ ይይልህ።

እዚህ ስደርስ ጨረስን ብዬ ጠመኔዬን ላስቀምጥ ነበር። ጋሽ ጨርቁ ቆይ አሉኝ፤ ይህ የመግጠሚያው ነው፣ የመኖሪያው ገና ነው። ያንተ ሞተር ሲሠራም በራሱ እንዲተነፍስ ነው የተሠራው፤ አሁንም ትንፋሹን አጥብቆ ነው የሚጨምቀው። በዚያ ላይ በግድ አየር ከነፋህበት ቤንዚኑ ሰዓቱ ሳይደርስ ይፈነዳና ፒስተኑን ይበሳዋል። ስለዚህ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወርዶ፣ ፒስተኖቹ ተቀይረው፣ በመሃል የሚገባው ጉዋርኒሲዮን ተለውጦ ነው። ያ ሲጠነክር ፍሪሲዮኑ አይችለውም፣ ይቀየራል። መሮጥ ከቻለ መቆም አለበትና ፍሬኑም ይቀየራል። ቤንዚኑም እዚህ ማደያ ከሚቀዳው የተሻለ መሆን አለበት፤ ከየት እንደሚመጣ እሳቸውም አያውቁም። ይህን ሁሉ አድርገህ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ አያልፍም፤ ኢንሹራንሱም ይህን አላውቅም ይላል። ደመርኩት። የዐሥራ አንድ ወር ደሞዝህ ነው። መኪናው ራሱ ሲሸጥ ዘጠኝ ወር አይሞላም። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ማለት ይህ ነው።

ለምን መንገድ ብለህ ነው ደግሞ? ከበራችን እስከ አስፋልቱ ጉድጓድ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው ሰባት ጉብታ አለ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ቱርቦው ነፍሱን እስኪሰበስብ ጉብታው ይደርሳል።

ስትገዛው ምን ብለኸኝ እንደነበር ልንገርህ፤ «ስፖርት ነው ግን አራት በር አለው፣ ለቤተሰብ ነው» ብለኸኝ ነበር። ባለፈው ሃያ አንድ ቀን እረፍትህ መጣህ። ዐሥራ ሰባቱን ቀን መኪናው ሥር ተኝተህ ወይም ስትወለውለው ዋልክ። አንድ ቀን ይዘኸን ወጣህ፣ እሱንም እናትህን ጫማ አስወልቀህ! የሰባ ሁለት ዓመት ሴትዮ ጫማቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሲሄዱ ልጅህ ጠየቀችኝ፣ አያቴ ምን አጠፋች ብላ። ያኔ አልተናገርኩህም። ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩት ብዙ ነገር አለ።

አሁን ግን ልናገር። ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን ናቅሁህ። በወረቀት ላይ ማየቱ ያምሃል፤ ይመምህ። ሰው የሚጠላውን ቢንቅ ይቀለዋል፤ የሚወደውን ሲንቅ ግን እንጀራው ራሱ አልዋጥ ይለዋል። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሰው እንዴት የጉሮሮአችንን ማሽን ሽጪ ብሎ በተረጋጋ እጅ ይጽፋል እያልኩ ጽሕፈትህን አየዋለሁ፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ለማንኛውም ያደረግሁትን ስማ፣ አትደንግጥ። ጋሽ ጨርቁ ወይ ይነዳ ወይ ይሸጥ አሉኝ። ወረቀትህን ከግድግዳው ላጥሁት። ዘይቱን ቀየሩልኝ፣ ካንዴላዎቹን አጸዱልኝ፣ ከዚያ መንዳት አስተማሩኝ። መንጃ ፈቃዴን በሁለተኛው ፈተና አወጣሁ፤ አንተ በአራተኛው ነበር፣ እናትህ ናቸው የነገሩኝ። ዩኒፎርሙን አሁን የማደርሰው በእሱ ነው። የኋላው ወንበር ስድሳ ቀሚስ ይይዛል። እናትህ ሐኪም ቤት የሚሄዱት ጫማቸውን አድርገው ነው። መጀመሪያ እግሬ እንዲደርስ ወንበሩን ወደ ፊት አምጥተውልኝ ነበር፤ ባለፈው ወር ደግሞ መሪው አላስቀምጥ ስላለኝ ወደ ኋላ ገፉልኝ፤ ከእንግዲህም አይበቃም፣ በቅርቡ መንዳቱን አቆማለሁ። ሞተሩም ድኗል፤ በሙሉ ድምፁ ይሠራል፣ አያፏጭም።

ቱርቦህን በዚያው ሹፌር መልሼ ልኬልሃለሁ። በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልዬዋለሁ፤ ፎጣዬን ወስጃለሁ። የመጋዘን ቆጠራ ሳይደርስ ከነበረበት ቦታ አስመልሰው፤ ራስህ አትመልሰው፣ የሸጠልህ ይመልሰው። ገንዘብህን ከመለሰልህ መለሰልህ፤ ካልመለሰ የትምህርት ክፍያ ነው በለው። ከአንተ ዘንድ ከተገኘ ግን ሥራህን ታጣለህ፤ ያን ጊዜ በአፍህ ታፏጫለህ። ሹፌሩ ደህና ሰው ነው፣ ስለ ዕቃው አያወራም። ስለ እኔም እዚህ ያየውን እንዳይነግርህ በልጆቹ አስምዬዋለሁ፤ እኔው ራሴ ልጽፍልህ ስለፈለግሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእሱ ሰማሁ። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እስከ አራት ወር ድረስ ያለ ደሞዝ ፈቃድ መውሰድ ይችላል አሉ፤ ፎርማኑ ራሱ ዓምና ወስዷል አሉ። ከፎርማኑ ልትቀዳው የሚገባህ ነገር ይኸውልህ። አንተ ያጠራቀምከው የአራት ወር ደሞዝ ነው። ቱርቦ ከነመግጠሚያው አይገዛም፤ የቱርቦውን ግማሽ ሥራ እንኳ አይሸፍንም። አራት ወር ግን ይገዛል። ከማሽኖቼ አንዲት ሣንቲም አትጨመርበትም። ገንዘቡን እዚያው አስቀምጠው አልልህም፣ ላክልኝም አልልህም፤ ይዘኸው ና፣ አብረን ተቀምጠን እንብላው ነው የምልህ። ቤት ስትመጣ ሥራ አይጠፋህም፤ ቁልፍ መትከል ትችላለህ፣ ሱሪ ማጠፍ ትችላለህ። ሎደር የሚነዳ እጅ መርፌ አይከብደውም።

እናትህ በደንብ ብላ፣ በጊዜ ተኛ፣ ሰው ሁሉ ወዳጅ አይምሰልህ ይሉሃል። ልጅህ የወለቁትን ጥርሶቿን በወረቀት ጠቅልላ ልካልሃለች፤ እንዳትጥላቸው። እኔም ፈጣሪ ከአቧራውም፣ ከማሽኑም፣ ከምሳ ጓደኛህም ይጠብቅህ፤ ልብህን ይመልስልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ እላለሁ።

ፈቃዴ የሚደርሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው፣ እስከዚያ ጠብቁኝ ብለህ ነበር፤ አሁን አምስት ወር ቀርቶታል። መኪናው ይጠብቅሃል፤ ብረት ነው። አዋላጇ ግን ለእኔ የቆጠረችልኝ ሁለት ወር ነው።

ሚስትህ